የመኪናዎ መብራት ሲያልበው፦ ጤዛውን ይተዉት፣ ውኃውን አይተዉት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ ደግሞ በመኪናችን መብራት ውስጥ ስለምትቋጠር የውኃ ጠብታ እናነሣለን። «ይህ ደግሞ ምን የሚያህል ነገር ሆኖ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም እንደዚያው ባይ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ በሮዝዌል መንገድ ዳር ዝናብ እየወረደ፣ ከኋላዬ የፖሊስ መብራት እየተብለጨለጨ፣ ተሳፋሪዬም ሰዓቷን ደጋግማ እያየች እስከተቀመጥኩበት ጊዜ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ሃይዌይ 285 እና ጆርጂያ 400 በሚገናኙበት አካባቢ ሆስፒታሎቹ ጎን ለጎን የተደረደሩበትን ሠፈር ታውቁታላችሁ። ከዚያ አካባቢ አንዲት ነርስ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ኤርፖርት አደርስ ነበር። ያስቆመኝ ፖሊስ ትሑት ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃዴንና ኢንሹራንሴን አየ፣ የግራው የፍሬን መብራቴ እንደማይበራ ነገረኝ፣ በማስጠንቀቂያም ለቀቀኝ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ደንበኛዬም አውሮፕላኑ ላይ ደረሰች። ነገር ግን ስትወርድ ሒሳቧን ከፍላ በሩን ዘግታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የኋላ መብራቱን ፈትቼ ባየው፣ ከታችኛው ጥግ ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ አቁሯል። የአምፖሉ መቀመጫም አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ያ መብራት ጭጋግ መያዝ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት መሆኑና፣ እኔም «አስተካክዬዋለሁ» ብዬ ማመኔ ነው። ሲሊኮን ገዝቼ ዙሪያውን፣ ከላይም ከታችም፣ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኜው ነበር። ለካስ ውኃ እንዳይገባ ብዬ የዘጋሁት፣ እርጥበቱ የሚወጣበትን በር ኖሯል!

እንግዲህ የዛሬው ቁም ነገር ይኸው ነው። በመብራት ውስጥ የሚታየው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጤዛ ነው፤ ራሱ መጥቶ ራሱ ይሄዳል። ሌላው ውኃ ነው፤ ይገባል እንጂ በራሱ አይወጣም። ጤዛውን እንደ ውኃ አድርጎ የሚያክም ሰው መብራቱን ያበላሻል፤ ውኃውን እንደ ጤዛ የሚንቅ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ዳር ይቆማል። እኔ በአንድ መብራት ሁለቱንም ስሕተት ሠርቻለሁ።

መብራት ለምን ያልበዋል?

እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገውም። አክንባሎው ሲነሣ ከውስጥ በኩል ጠብታ ተንጠልጥሎበት ይታያል። ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካ ወደ ውኃነት ይመለሳል። ግሮሰሪ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም የመጠጥ ፍሪጃችሁ የመስተዋት በር በበጋ ወራት በተከፈተ ቁጥር ሲያልበው በየቀኑ ታዩታላችሁ።

የመኪና መብራትም እንደዚሁ ነው። ውስጡ አየር አለ፤ በአየሩም ውስጥ በዓይን የማይታይ እርጥበት አለ። መብራቱ ሲበራ አየሩ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ በመጠኑም ወደ ውጭ ይወጣል። መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድበት ደግሞ አየሩ ይኮማተርና ሌላ አየር ከውጭ ይስባል፤ ከአየሩም ጋር እርጥበት አብሮ ይገባል። ሌሊት የመብራቱ መስተዋት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት በውስጠኛው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይለጠፋል።

አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ከመብራቱ ጀርባ መተንፈሻ ያበጁለታል። በአንዳንዱ መኪና ወደ ታች የተቆለመመች አጭር የጎማ ቱቦ ናት። በሌላው የስፖንጅ ቁራጭ ይሆናል። በአዳዲሶቹ ደግሞ አየርና እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ የውኃ ጠብታ ግን የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። እኔ በሲሊኮን የደፈንኩት ይህንኑ ነበር።

በዕድሜ ጠና ያሉ ባለታክሲዎች «የድሮ መኪና መብራት እንዲህ አያደርግም ነበር» ሲሉ ይሰማሉ። እውነታቸውን ነው። በአሜሪካ ከ1940 ሞዴል ጀምሮ የፊት መብራት መስተዋቱ፣ አንፀባራቂውና የሚግለው ሽቦ በአንድነት የታሸገ ዕቃ ነበር። ሲቃጠል ሙሉው ተነቅሎ ይጣላል፤ እሽግ ስለሆነም አያልበውም። አምፖሉ ብቻ የሚቀየርበት የፊት መብራት በዚህ አገር የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ1983 ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜም የወጣው በ1984 ሞዴል ሊንከን ማርክ ሰባት ላይ ነው። አምፖሉ የሚቀየር መብራት ክዳን ይኖረዋል፤ ክዳን ያለው ነገር ደግሞ መተንፈስም ማፍሰስም ይችላል።

የምንኖርበት አገር አየርም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ለብዙ ወራት አየሯ ደረቅ ነው። አትላንታ ግን 320 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆና ዓመቱን ሙሉ ይዘንብባታል፤ የበጋው ወበቅ ደግሞ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ፋጡማ ሮባ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀችበት ሩጫ በማለዳ የተጀመረው ይህንኑ ሙቀትና ወበቅ ለመሸሽ ነበር። ሳንዲ ስፕሪንግስ ደግሞ ከሰሜንና ከምዕራብ በቻታሁቺ ወንዝ የተከበበች ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት መብራቱን ቢያልበው የሚገርም አይደለም።

ጤዛ ነው ወይስ ውኃ?

መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልሱ። ጤዛ ሲታይ ትንፋሽ ያረፈበት መስተዋት ይመስላል፤ ስስና አንድ ወጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከመስተዋቱ አንዱን ጥግ ብቻ ይሸፍናል። መብራቱን አብርተው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዱ ወይም መኪናው ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ሲቆም ይጠፋል። ኤል.ኢ.ዲ መብራት ላይ ቢዘገይ አይደንግጡ፤ ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባው በኩል ስለሆነ የፊት መስተዋቱን እንደ ድሮው አምፖል አያሞቀውም።

ውኃ ግን ሌላ ነው። ጠብታው ትልልቅ ነው፤ ወደ ታች የወረደበት መስመር ይታያል፤ ከታች ይጠራቀማል፤ ሲደርቅም ነጭ ምልክት ወይም የጭቃ ቀለበት ትቶ ይሄዳል። አንድ ሁለት ፀሐያማ ቀን አልፎም ካልጠፋ ያለ ጥርጥር ውኃ ነው።

አንድ ቀላል መለያ ልንገርዎ። የግራውንና የቀኙን መብራት ያስተያዩ። ሁለቱም እኩል ካላባቸው የአየሩ ጠባይ ነው። አንዱ ብቻ ካላበው፣ ያ መብራት የሚያስገባበት ቦታ አለው። ጥርጣሬ ካለዎት ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ዓይን የሚረሳውን ፎቶ አይረሳም።

የመኪና አምራቾችም ይህንኑ ልዩነት ያደርጋሉ። መኪናዎ ገና በዋስትና ላይ ከሆነ ስስ ጤዛን እንደ ጉድለት ላይቆጥሩት ይችላሉ፤ የተጠራቀመ ውኃ ግን ሊያከራክር የሚችል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዋስትና ያለውን መብራት በገዛ እጅዎ አይክፈቱት። ፎቶውን ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ።

ውኃው የገባው በየት ነው?

ውኃ መሆኑን ካረጋገጡ ቀጥሎ የሚመጣው በሩን መፈለግ ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ መብራቱ ይቀዝቅዝ፣ ኮፈኑን ይክፈቱና በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

አንደኛ፤ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ክዳን ይመልከቱ። በቅርቡ አምፖል ቀይረው ወይም አስቀይረው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ወይም ጎማው ተጣጥፎ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ሥራው ከሞላ ጎደል አለቀ፤ መብራቱን አድርቆ በደንብ መክደን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ በአምፖሉ አንገት ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ይዩ። ደርቆ ተሰንጥቆ ከሆነ ይቀየር።

ሦስተኛ፤ መተንፈሻውን ይፈልጉ። ጭቃ፣ ቅጠል ወይም የሸረሪት ድር ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ቱቦዋ ወልቃ ወድቃም ይሆናል። የተደፈነውን ያጽዱ፤ የወለቀውን በአዲስ ይተኩ።

አራተኛ፤ የፊት መስተዋቱን ይመርምሩ። ከመሸ በኋላ በባትሪ መብራት አግድም እያበሩ ሲያዩት ቀን የማይታይ ስንጥቅ ይታያል። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አንድ ሰው ገጭቶዎት ከነበረ ማዕዘኖቹንና የመብራቱን መያዣ እግሮች በተለይ ይመልከቱ።

አምስተኛ፤ መስተዋቱ ከጀርባው አካል ጋር የተጣበቀበትን ዙሪያ ይዩ። ማጣበቂያው በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። በርካሽ የተገዛ ምትክ መብራት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም በደንብ ሳይታሸግ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ማድረቅ

የፊት መብራቱን ለመንቀል መከላከያውን ማውረድ የሚጠይቁ መኪኖች አሉ። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ወይም ዜኖን የሚባለው መብራት ካለው ለመካኒክ ይስጡት። ዜኖን ሲነሣ የሚጠቀመው የኤሌክትሪክ ኃይል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ ቀልድ የለም። እንደ ፕሪየስ ያለ ሃይብሪድ የምትነዱም ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ማናቸውንም ገመድ አትንኩ።

ተራ የሃሎጅን አምፖል ያለው ከሆነ ግን ሥራው ቤት ውስጥ ያልቃል። ከመንቀልዎ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 25 ጫማ ያህል ርቀት ላይ አቁመው መብራቱ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባዎታል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ አምፖሉን ያውጡ። የአምፖሉን መስተዋት በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ቅባት ባረፈበት በኩል ከልክ በላይ ይግልና ዕድሜው ያጥራል። ከነኩት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉት።

መብራቱን ዘቅዝቀው ውኃውን ያፍስሱ። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት በአምፖሉ ቀዳዳ በኩል ይንፉበት፤ አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፣ አያስጠጉትም። ቀለም መላጫ የሆነውን ኃይለኛ የሙቀት መሣሪያ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የዛሬው መብራት መስተዋት ፕላስቲክ ስለሆነ ይጣመማል። ችኮላ ከሌለብዎት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ነፃ ነው፤ መብራቱን ኤርኮንዲሽን ባለበት ክፍል ቀዳዳው ተከፍቶ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ኤርኮንዲሽን የአየሩን እርጥበት ስለሚቀንስ ከውጭው ወበቅ ይልቅ ፈጥኖ ያደርቃል።

አዲስ ጫማ ሲገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን፣ «አትብሉት» የሚል የተጻፈባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አይጣሉ። እርጥበት ይመጥጣሉ። ጥቂቱን በክር አስረው መብራቱ ውስጥ አሳድረው ማውጣት ይቻላል። ውስጡ ትተዋቸው ግን አይክደኑ፤ የጋለ አምፖል ከነካቸው ችግር ያመጣሉ።

መድፈን

አሁን መብራቱ ደርቋል። ከመድፈንዎ በፊት ግን ቀዳዳው የት እንደሆነ እርግጠኛ ይሁኑ፤ እኔ የዘለልኩት ይህን ነው። አምፖሉንና ክዳኖቹን መልሰው፣ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ ቀስ ያለ ውኃ በመስተዋቱና በመጋጠሚያው ዙሪያ ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሱ። ከዚያ በባትሪ መብራት ውስጡን ይዩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የታየችበት ቦታ በሩ ነው። እንደገና አድርቀው ወደ መድፈን ይለፉ።

የሚደፈነውን ቦታ በአልኮል ጠርገው፣ ለውጭ ሥራ የሚሆን ግልጽ ሲሊኮን በስሱ ይቀቡ። ሲሊኮን ሲገዙ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት ባይመርጡ ይሻላል፤ ጭሱ አንፀባራቂውን ሊያደበዝዝ፣ ብረቱንም ሊያዝግ ይችላል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይድረቅ። ስለዚህ ይህን ሥራ ለዕረፍት ቀንዎ ያድርጉት እንጂ ሌሊት የኤርፖርት ቀጠሮ ላለብዎት ቀን አያድርጉት።

መተንፈሻውን ግን አይድፈኑ። ደግሜ እላለሁ፤ መተንፈሻውን አይድፈኑ። «ውኃው እንዲወጣ» ብለውም ከታች በመሰርሰሪያ አይብሱት፤ ውኃ የወጣበት ቀዳዳ ከጎማ የሚረጨውን ጭቃና አቧራ ያስገባል።

መብራቱን መልሰው ሲገጥሙ ያንን ግድግዳ ያስታውሱ። እዚያው ቦታ አቁመው ብርሃኑ በፕላስተሩ ምልክት ላይ ማረፉን ይዩ። ወደ ላይ የተቃና መብራት ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል፤ ወደ ታች የደፋ ደግሞ እርስዎን ያሳውራል።

የኋላው መብራት ይብሳል

ብዙዎቻችን የምናየው የፊቱን ነው፤ ሁልጊዜ ፊታችን ስለሆነ። ፖሊስ የሚያየው ግን የኋላውን ነው። የኋላ መብራት ከመኪናው አካል ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጋስኬት የሚባል የስፖንጅ ወይም የጎማ ማሸጊያ አለ። እሱ ሲያረጅ ውኃ በመብራቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ሻንጣ ማስቀመጫውም ይገባል። ምንጣፉን ገልጠው ከረጠበ ወይም ሻጋታ ከሸተተዎት ምንጩን እዚህ ይፈልጉት።

ውኃው የአምፖሉን መቀመጫ ሲደርስ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ምልክቶቹን ይወቁ። ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻው በደብዛዛው አብሮ ከበራ፣ ኔጋቲቩ መገናኛ ዝጓል ማለት ነው። ፍሬቻው ከወትሮው ፈጥኖ ከብልጭ ድርግም ካለ አንዱ አምፖል ሞቷል። መብራቱን ለመፍታት ብዙውን ጊዜ ከሻንጣ ማስቀመጫው በኩል ያሉትን ሁለት ሦስት ዳዶዎች ማላቀቅ ይበቃል። ዝገቱን በትንሽ ብሩሽ ያጽዱ፣ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሠራ ግሪስ በስሱ ይቀቡ፣ አምፖሉንና ጋስኬቱን ይቀይሩ። መቀመጫው ራሱ ከተበላ ግን ሽቦ ከመቀጣጠል መቀመጫውን መቀየር ይሻላል።

የእኔ የኋላ መብራት ጥገና ከሃያ ዶላር አልበለጠም። ከአከፋፋይ የሚገዛ አዲስ የኤል.ኢ.ዲ የፊት መብራት ግን በብዙ መኪኖች ላይ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ለዕቃ ማመላለሻ ቫን ላላቸው ባለሱቆችም ሒሳቡ ያው ነው።

ሕጉና ወረቀቱ

አገር ቤት ሳለን በዓመት አንድ ጊዜ መኪና ለምርመራ ይቀርባል፣ ቦሎ ይለጠፋል። መብራቱ ያልበራ መኪና እዚያ ይያዛል። በጆርጂያ ግን ለግል መኪና የዓመት የደኅንነት ምርመራ የለም። በፉልተንና በአካባቢው ካውንቲዎች የምናስደርገው ምርመራ የጭስ ብቻ ነው፤ መብራትዎን የሚያይልዎ የለም። በመተግበሪያ ተሳፋሪ የምታመላልሱ የኩባንያው የምርመራ ቅጽ ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ ውጭ ግን የመጀመሪያው መርማሪ ከኋላዎ የሚነዳው ፖሊስ ነው።

የጆርጂያ ሕግ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ እስከ ፀሐይ መውጫ ግማሽ ሰዓት ድረስ፣ እንዲሁም በዝናብ ጊዜ ሁሉ መብራት እንዲበራ ያዛል። የኋላው ቀይ መብራት ከ500 ጫማ ርቀት መታየት አለበት። በጠቅላላውም የመኪናው መብራቶች በተገቢ ሁኔታ ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። በውኃ የደበዘዘ መብራት እነዚህን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል።

«በአንዲት አምፖል ማን ያስቆመኛል?» ለሚል ሰው አንድ የታወቀ ጉዳይ ላንሣ። እ.ኤ.አ በ2009 በሰሜን ካሮላይና በሃይዌይ 77 ላይ አንድ ፖሊስ አንዲት መኪና ያስቆመው አንደኛው የፍሬን መብራት ባለመብራቱ ነበር። በመኪናው ውስጥ በተገኘው ነገርም ክስ ተመሠረተ። በኋላ ሲመረመር የስቴቱ ሕግ የሚጠይቀው አንድ የሚሠራ የፍሬን መብራት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 2014 በ8 ለ1 ድምፅ፣ የፖሊሱ ስሕተት ምክንያታዊ ስለሆነ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው ሲል ወሰነ። ጉዳዩ «ሃይንና ሰሜን ካሮላይና» በሚል ይታወቃል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የመብራት ክርክር መንገድ ዳር አይረታም። መኪናዎ እንዲፈተሽ ፈቃድዎን ሲጠየቁ ግን በትሕትና አልፈቅድም ማለት ይችላሉ።

ለዜጋ አንድ ማስጠንቀቂያ የሆነው ነገር ለስደተኛ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። በጆርጂያ ለጊዜያዊ ነዋሪ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ከመኖሪያ ወረቀቱ ጋር አብሮ ያበቃል፤ ያለ ፈቃድ መንዳት ደግሞ እስከ እስር ያደርሳል። እ.ኤ.አ በ2024 የወጣ የጆርጂያ ሕግም የእስር ቤት ኃላፊዎች የታሰሩ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲያጣሩ ያለባቸውን ግዴታ አጥብቆታል። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400ም ስለ እስራት ብቻ ሳይሆን በፖሊስ ስለተጻፈ ክስም ይጠይቃል። ስለዚህ ቲኬት ከተጻፈብዎ እነዚህን ያድርጉ፦

ቲኬቱን ችላ አይበሉ። በሳንዲ ስፕሪንግስ የተጻፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ የቀጠሮውን ቀን መዝለል መንጃ ፈቃድን ሊያሳግድ ይችላል።

መብራቱን ወዲያው ያሠሩ፤ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዘው ይቅረቡ። ነፃ ያወጣዎታል ብዬ አልምልም፤ ባዶ እጅ ከመቅረብ ግን ይሻላል።

እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከኢሚግሬሽን ፋይልዎ ጋር ያኑሩ። ማመልከቻ በሂደት ላይ ያለዎት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

በወር አንድ ቀን

እኔ አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ መኪናዬን ከግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ አቆማለሁ። ፍሬን እይዛለሁ፣ ፍሬቻውን በግራም በቀኝም አበራለሁ፣ ቀዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ እኩል ማረፉን በመስተዋት አያለሁ። ከዚያ ወርጄ አራቱን ማዕዘን እየዞርኩ ውስጣቸውን አያለሁ። በዚያው አፍታ የመንጃ ፈቃዴንና የኢንሹራንሴን ቀን አነባለሁ። ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ አንድ ስኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

በዚህ ሰሞን ጠዋት መኪናዎ ዘንድ ሲደርሱ መብራቱ አልቦት ካገኙት አይደንግጡ፤ እስከ እኩለ ቀን ጊዜ ይስጡት። እኩለ ቀን ላይም እዚያው ካለ ግን ነገ አይበሉ። ነገ ሳይነጋ የሚሳፈር ደንበኛ ይኖርዎት ይሆናል።